ካባው በገጀራ ሰፈር

ካባው ከሳጥኑ ውስጥ አልነበረም።

ሐሙስ ጧት ነው፤ ኅዳር ወር፣ 1957 ዓ.ም.። ሃምሳ አለቃ ወንዳፍራሽ በወይዘሮ አጸደ እልፍኝ ተንበርክኮ ሳጥኑን ያያል። የብር መስቀል ከነማተቡ አለ። በጨርቅ የተቋጠሩ ሁለት የወርቅ ቀለበቶች አሉ። ጉትቻም አለ። የጠፋው የሟቹ ባላቸው የቀኛዝማች ካሳሁን ካባ ብቻ ነው።

ያንን ካባ ቡራዩ ውስጥ የማያውቀው የለም። ጥቁር ከፋይ ነው፤ ዳር ዳሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ። ቀኛዝማቹ ሲያገቡ ለብሰውታል፣ በየጥምቀቱ ለብሰውታል፣ ሊሞቱ ሲሉም “የልጄ ባል ይልበሰው” ብለው ተናዘዋል። እንዲህ ያለ ነገር የሰረቀ ሰው አይለብሰው፣ አይሸጠው። ቀለበቱን ትቶ ካባውን የሚያነሳ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ወንዳፍራሽ ከኪሱ ገብስ ቆሎ አውጥቶ አንድ ፍሬ ቆረጠመ። ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ከመጣ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሲያስብ ቆሎ ካልቆረጠመ አይሆንለትም። ጣቢያ ውስጥ ያሉት ፖሊሶች “የወንዳፍራሽ ሐሳብ ያለው ኪሱ ውስጥ ነው” እያሉ ይቀልዱበታል።

“ሳጥኑ አልተሰበረም፣ እሜቴ። ቁልፉ የት ነበር?”

“አንገቴ ላይ።” ወይዘሮ አጸደ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩት። “ትናንት ረቡዕ ቀትር ላይ ካባውን ፀሐይ አስመትቼ መለስኩት። ያን ጊዜ መቆለፉን ዘነጋሁ። ከሰዓት በኋላ ባይሳ የሚባለው አናጢ የእልፍኙን በር ሊጠግን መጣ። ዓይኔን ዞር ሳደርግ ወሰደው።”

“ሲወስድ አይተውታል?”

“ጥቅል ነገር ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሲወጣ አየሁ። ጠረጠርኩና ተከተልኩት።”

“እስከ የት?”

“እስከ ቤቱ! ገጀራ ሰፈር ድረስ! ጥቅሉን ይዞ ገባ፣ ባዶ እጁን ወጣ። በሩን በትልቅ መቆለፊያ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።”

ገጀራ ሰፈር ሲባል የቡራዩ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከከሊፋ ሱቅ በታች፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል፣ ባሕር ዛፍ ቆራጮች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ጠላ ሻጮች ተጠጋግተው የሚኖሩበት ነው። ሰው በጠራራ ፀሐይ ይገፈፍበታል ይባላል። ፖሊስ ገብቶ ቆቡን ጥሎ ይወጣል ይባላል። ማን ተገፈፈ፣ የትኛው ፖሊስ ቆቡን ጣለ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ “እንዲያ ሲሉ ሰምቼ ነው” ብቻ ነው። መቶ አለቃውም ወንዳፍራሽን በመጀመሪያው ቀን ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበር፤ “ብቻህን እንዳትገባ።” ሦስት ወር ሙሉ አልገባም። እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነው።

ፖሊሶቹ ባይሳን ያገኙት ጣውላ መሰንጠቂያው ዘንድ ነው። አልሮጠም፣ አልታገለም። ላዩ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አራግፎ ተከተላቸው።

“ካባው የት ነው?” አለ ወንዳፍራሽ፣ ጣቢያ ሲደርሱ።

“የምን ካባ?”

“ከወይዘሮ አጸደ ቤት ይዘህ የወጣኸው ጥቅል ምን ነበር?”

“መጋዜ ነዋ። ጥርሱ ሰው እንዳይቧጥጥ በጆንያ እጠቀልለዋለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ቤቴ አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።”

“የቤትህን ቁልፍ አምጣ።”

“ቁልፍ?” ባይሳ ያልገባው መሰለ። ኪሱ ሲፈተሽ እርሳስ፣ ሜትርና ሦስት ምስማር ተገኘ። ቁልፍ የለም። ወንዳፍራሽ “ጥሎታል” ብሎ ጻፈ።

“ከወይዘሮ አጸደ ጋር ጠብ አላችሁ?”

ባይሳ አቀረቀረ። “ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ልጃቸውን ውብአየሁን እንዲሰጡኝ። መልሱን በሚመጣው እሑድ እንነግራችኋለን ብለዋል።” ቀና አለ። “ካባው ለእኔ ሊሆን የነበረ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። የራሴን ካባ ለምን እሰርቃለሁ?”

ነገሩ ለወንዳፍራሽ ልክ መሰለው። ለመቶ አለቃው ግን አልመሰላቸውም። “የገጀራ ሰፈር ልጅ ነው፤ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ? ቅዳሜ ቀትር ላይ ወደ አዲስ አበባ ይላክ” ብለው ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። አንዴ ከተላከ የሚጠብቀው ወህኒ ነው። እሑድ የሚመጣው ሽማግሌም ለሌባ ሚስት ሊለምን አፍ አይኖረውም።

ወደ ማታ ውብአየሁ በሰሐን ምግብ ይዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

“እሱ ሌባ አይደለም።”

“የወደደ ሰው ሌላ ምን ይላል፣ እኅቴ?”

“እናቴ ተከትላው ገጀራ ሰፈር ገባሁ ብላ ነግራዎታለች አሉ።”

“ብለዋል።”

ከንፈሯን ነከሰች። እናትን ማሳጣት ቀላል አይደለም። “እናቴ ከከሊፋ ሱቅ በታች እግሯ ረግጦ አያውቅም። ልጅ ሆኜ ኳሴ ቁልቁል ተንከባሎ ቢገባ ሌላ ገዛችልኝ እንጂ አልወረደችም።” ሰሐኑን አስቀምጣ ወጣች።

ዓርብ ጧት ወንዳፍራሽ የሽጉጡን ማኅደር ቁልፍ ፈትቶ ገጀራ ሰፈር ወረደ።

መግቢያው ላይ በሬ የሚያህል ድንጋይ አለ። አምስት ሰዎች ተሰልፈው ገጀራቸውን ይስላሉ። ወንዳፍራሽ ቆም አለ። ሰዎቹም ቆሙ።

“አካም ቡልቴ፣ ሃምሳ አለቃ?” አለ አንዱ። “እንዴት አደሩ? ማንን ፈልገው ነው?”

ለካስ ገጀራ ሰፈር የተባለው በዚህ ድንጋይ ነው። እንጨት ቆራጭ ገጀራ ካልሳለ ምን ይሳል?

ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ጌሾ የምታሰጣ ሴትዮ “ማንን ፈልገህ ነው፣ ልጄ?” አለችው። ከእሷ ቀጥሎ ጫማ የሚሰፋ ሰው፣ ከእሱ ቀጥሎ ልጇን የምታጥብ እናት፣ ሁሉም ያችኑ ጠየቁት። ማንም አልገፈፈውም። አንዷ እንዲያውም “ፊትህ ገረጣ፣ አሞሃል?” ብላ ውሃ ሰጠችው። ወንዳፍራሽ አፈረና የማኅደሩን ቁልፍ መልሶ ዘጋ።

ወደ ባይሳ ቤት የወሰዱት ኦቦ መገርሳ ናቸው። የሰፈሩ የእድር ዳኛ፣ ሽበታም እንጨት ቆራጭ፤ ባለፈው እሑድ ወይዘሮ አጸደ ዘንድ ከሄዱት ሽማግሌዎችም ዋናው። የባይሳ በር ላይ ሁለት የሽቦ ቀለበቶች አሉ። በመሐላቸው ጣት የምታህል እንጨት ተሰክታለች።

“ይህች ምንድን ናት?”

“ሰው የለም ለማለት ነው። እንጨቷ ካለች ባለቤቱ ወጥቷል፤ ከሌለች አለ።”

“መቆለፊያውስ?”

“የምን መቆለፊያ?”

“በሩ በትልቅ መቆለፊያ ተቆልፎ ያየ ሰው አለ።”

ኦቦ መገርሳ ሳቁ። ጫማ ሰፊውም ከወዲያ ማዶ ሳቀ። “ልጄ፣ ይህን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ፈትሽ። አንድ መቆለፊያ ካገኘህ እኔን እሰረኝ። ሌባ በየት ይገባል? አንተ እንኳ ስንት ሰው ነው ማንን ፈልገህ ነው ያለህ?”

ወንዳፍራሽ ቆጠረ። ዘጠኝ ነበሩ።

ወይዘሮ አጸደ ያዩት መቆለፊያ ከየት መጣ? ሌባ መንደር ያለ መቆለፊያ አይታሰባቸውም። ሳያዩ ነው የተናገሩት።

ቤቱን ፈተሸ። አልጋ፣ ሁለት መጋዝ፣ ያልተጨረሰ ወንበር። ካባ የለም። ኦቦ መገርሳ “ሳትቀመጥ አትሄድም” ብለው ጎረቤት ወዳለው ቤታቸው አስገቡት። እዚያ ከግድግዳው እስከ ግድግዳው ጆንያ ተደርድሯል። ጨው ነው፣ ስኳር ነው፣ ጣቃ ጨርቅ ነው።

“ይህ ሁሉ የማን ነው?”

“የከሊፋ ነው። ዕቃው እዚህ ነው የሚያድረው።”

ከሁሉ ዳር አንድ አነስ ያለ ጆንያ አለ። አፉ በሰማያዊ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። አንዱን ጥግ አይጥ በስታዋለች። ከቀዳዳው ጥቁር ከፋይ ብቅ ብሏል፤ ጫፉ ላይ የወርቅ ክር ያብረቀርቃል። ወንዳፍራሽ በገጀራ ሰፈር ያገኛት ሌባ ያች አይጥ ብቻ ነበረች።

ግን የባይሳ ቤት ከግድግዳው ወዲያ ነው። በሩ አይቆለፍም። ባይሳ ሰርቆ እዚህ ከሰው ዕቃ መሐል ወሽቆት ቢሆንስ? ጧት የሰማው ደግ ቃል ሁሉ፣ የጠጣው ውሃ ሁሉ መራራ ሆነበት።

“ይህ ጆንያ መቼ መጣ?” አለ።

“ረቡዕ ጧት። ከሊፋ ከጨው ጋር በአህያ ላከው። ጨው የመጣ ቀን ጎረቤት ሁሉ ያራግፋል፤ ጠይቅ።”

ጠየቀ። ጌሾ የምታሰጣዋም፣ ጫማ ሰፊውም ረቡዕ ጧት አሉ። ወንዳፍራሽ አንድ የቆሎ ፍሬ አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ረቡዕ ጧት! ወይዘሮ አጸደ ቀትር ላይ ፀሐይ አስመታሁት ያሉት ካባ፣ ያን ጊዜ እዚህ ቤት ውስጥ ነበር። ባይሳ በራቸውን ሊጠግን የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

“ማንም እንዳይነካው፣ ኦቦ መገርሳ።”

“የሰው ዕቃ ማን ይነካል?” አሉ ሽማግሌው፣ ቅር ብሏቸው።

ከሊፋን ያገኘው ከዓርብ ሶላት ሲመለስ ነው። ሱቁ በር ላይ መቆለፊያዎች እንደ ነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ተንጠልጥለዋል።

“መቆለፊያ ትሸጣለህ፣ የራስህን ዕቃ ግን መቆለፊያ የሌለበት ቤት ታስቀምጣለህ” አለ ወንዳፍራሽ።

ከሊፋ ግራና ቀኙን አየ። “ቀስ በል፣ ሃምሳ አለቃ፣ ገበያዬን ትዘጋዋለህ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለቴ ተዘርፌያለሁ። ሁለት መቆለፊያና አንድ ውሻ ነበረኝ። መቆለፊያውን ሰበሩት፣ ውሻውን በአጥንት አባበሉት። ከጎረቤት ብቅ ያለ ሰው የለም፤ ሁሉም ቆልፎ ተኝቷላ! ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት እታች ነው የማስቀምጠው። አንዲት ፍሬ ስኳር አልጎደለችብኝም።”

“በሰማያዊ ክር የተሰፋው ጆንያስ?”

የከሊፋ ፊት ተዘጋ። “እሱ አደራ ነው።”

“የማን?”

“ያስቀመጠው ሰው መጥቶ እስኪጠይቀኝ ስም አልጠራም። ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።”

“ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ?”

“የተሰፋ ነገር አልፈታም።”

“ካባ ነው፣ ከሊፋ። የቀኛዝማች ካሳሁን ካባ።”

ከሊፋ ዱካው ላይ ቁጭ አለ። “ባይሳ አልሰረቀም” አለ። “ከዚህ ሌላ አትጠይቀኝ። ከፈለግህ እሰረኝ። አደራ በላ ተብዬ ልጆች ማሳደግ አልችልም።”

ወንዳፍራሽ አላሰረውም። መቶ አለቃውን ግን አማከረ። መቶ አለቃው ከወረቀታቸው ቀና አሉ። “የገጀራ ሰፈር ሰው ቃል ከእሜቴ ቃል ጋር ሚዛን ላይ ይወጣል? ነገ ቀትር ላይ ይላካል ብያለሁ።”

እንግዲህ ሚዛን ላይ የሚወጣው የራሳቸው የወይዘሮ አጸደ ቃል ብቻ ነው። አደራውንም ሊጠይቅ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ወንዳፍራሽ አንድ እፍኝ ቆሎ ጨርሶ ተነሳ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እልፍኛቸው ደረሰ።

“የምሥራች፣ እሜቴ! ካባው ተገኘ።”

ወይዘሮ አጸደ እልል አላሉም። “የት?”

“እርስዎ ካሉት ቦታ። ገጀራ ሰፈር።”

“አይሆንም።”

“በዓይኔ አየሁት።”

“አይሆንም አልኩህ! ምን ሲያደርግ እዚያ ይገባል?”

“ባይሳ ሰርቆ ወስዶት ነዋ። ተከተልኩት ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?”

የወይዘሮ አጸደ እጅ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ያሻሻል።

“በምን ተጠቅልሎ ነበር?”

“በጆንያ። በሰማያዊ ክር የተሰፋ።”

ወይዘሮ አጸደ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ገልብጠው ለብሰው ወጡ። ወንዳፍራሽ ዐሥር እርምጃ ርቆ ተከተለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱም የሚጠብቀው ያ እስኪሆን ነው። የከሊፋ ሱቅ ገበያተኛ ሞልቶበታል። እሳቸው ሰው መኖሩን አላዩም።

“ከሊፋ! አደራዬን በላህ! የባሌን ካባ ለሌቦች ሰጠህብኝ!”

ገበያተኛው ሁሉ ዞረ። ከሊፋ በሩ ላይ የቆመውን ወንዳፍራሽን አየ፤ ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም የወረደለት መሰለ። አሁን ባለቤቷ ጠይቃለች።

“አልበላሁም፣ እትዬ። ረቡዕ ጧት እንደሰጡኝ፣ ሳልፈታው አለ።”

“ታዲያ ለምን ሌባ መንደር ሰደድከው?”

“ከዚያ የተሻለ ቦታ አጥቼ ነዋ።”

“ረቡዕ ጧት” የሚለውን ሁሉም ሰማ። ወይዘሮ አጸደም ዘግይተው ሰሙት። ከሊፋ ባቀረበላቸው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ።

“ለምን፣ እሜቴ?” አለ ወንዳፍራሽ።

“ሽማግሌ ያለ ምክንያት አይመለስም” አሉ ወደ መሬት እያዩ። “ኦቦ መገርሳ የባሌ ወዳጅ ናቸው፤ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ምን ብዬ ልመልሳቸው? ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ጨዋ ነው። እንከን ፈልጌ አጣሁ። ያለበት እንከን ሰፈሩ ነው። ‘ሰፈራችሁን ፈርቼ ነው’ ተብሎ ይነገራል? እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ሰፈር ስሰማ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለሌባ ልጅ አልሰጥም ካልኩ ሽማግሌው አፍሮ ይመለሳል፣ ካባው ካልተገኘ ደግሞ ልጁን ይለቁታል ብዬ ነው።”

ወንዳፍራሽ ተናደደ። የሚናደደው ከስንት አንዴ ነው። “አይለቁትም ነበር። ነገ ቀትር ላይ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ወረቀቱ ተፈርሟል። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? እርስዎ የሰሙትን ወሬ እኛም ስለሰማን ነው።”

ይህን ሲል ንዴቱ ወደ ራሱ ዞረ። ሦስት ወር ሙሉ ያልወረደው ማን ሆነና!

ወይዘሮ አጸደ አለቀሱ። ከልባቸው ነው ያለቀሱት።

መቶ አለቃው ቃሉን ከወይዘሮ አጸደ ከራሳቸው አፍ ሲሰሙ ወረቀቱን ቀደዱት። ባይሳ ያንኑ ምሽት ተፈታ። በሐሰት መወንጀል እንደሚያስከስስ፣ ከፈለገ ክስ ማቅረብ እንደሚችል ወንዳፍራሽ አስረዳው። ባይሳ ሜትሩንና እርሳሱን ኪሱ እየከተተ አሰበ።

“አልከስም። ግን በአፋቸው ሌባ ብለውኛል፤ በአፋቸው ይመልሱልኝ። ሰፈሬ ድረስ መጥተው።”

ቅዳሜ ጧት ወይዘሮ አጸደ ልጃቸውን አስከትለው ወረዱ። ወንዳፍራሽም አብሮ ወረደ። የከሊፋ ሱቅ ጋ ሲደርሱ የወይዘሮ አጸደ እግር ተያዘ። ውብአየሁ ክንዳቸውን ደገፈች፤ አለፉ። ገጀራ መሳያው ጋ የነበሩት ሰዎች ብድግ አሉ።

“እንዴት አደሩ፣ እሜቴ? ማንን ፈልገው ነው?”

“ባይሳን” አሉ።

ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ወይዘሮ አጸደ ድንጋዩ አጠገብ ቆመው፣ “ዋሽቼብሃለሁ። ሌባ አይደለህም። ካባውን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ” አሉ። ባይሳ መጀመሪያ ወደ ድንጋዩ አየ። አንድ ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያደረ ሰው ልቡ ቶሎ አይመለስም። በኋላ ቀርቦ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አንስተው አቀፉት።

ኦቦ መገርሳ ቤት ሲደርሱ እንጨቷ ከቀለበቶቹ መሐል ነበረች። ሽማግሌው ነቅለዋት በሩን ከፈቱ። ጆንያው እዚያው ነው።

“ይቅርታ፣ እሜቴ። ጥጉን አይጥ ነክታብዎታለች” አሉ።

ወይዘሮ አጸደ ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው ከፋዩን ዳሰሱት። በዐሥራ አንድ ዓመት ስኳር ያልጎደለበትን ቤት ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ጆንያውን ወደ ኦቦ መገርሳ ገፉት።

“እዚሁ ይቀመጥልኝ።”

“እስከ መቼ?”

“እስከ ሠርጉ።”

ውብአየሁ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ባይሳ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ኦቦ መገርሳ ግን ደንብ አዋቂ ናቸው።

“መልስ ነገ ነው የተባለው፣ እሜቴ። ቀኑ አልደረሰም።”

“እንግዲያውስ እንዳልሰማችሁኝ ሁኑ። ነገ ስትመጡ እነግራችኋለሁ።”

ሽማግሌው ጆንያውን አይጥ ከማይደርስበት ቦታ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ሁሉም ሲወጡ በሩን ገፋ አድርገው እንጨቷን ቀለበቶቹ መሐል ሰኳት።